የድስቴ እጅና የሚስማሩ ጆሮ

ሰውየውን ሰፈሩ የሚያውቀው ሚስማሩ በሚለው ቅጽል ነው። ወላጆቹ ያወጡለትን ስም የምታውቀው ባለቤቱ ናት፤ እሷም ብትሆን የምትጠራበት ስትቆጣ ብቻ ነው። ቁመናውን ያየ ሰው ቅጽሉ ከቅጥነቱ የመጣ ይመስለዋል፤ እውነትም ስልሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የበላው የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ዋናው ምክንያት ግን ከደረት ኪሱ የማትለየው ባለ ሦስት ኢንች ሚስማር ናት። ጫፏን በሞረድ አደንዝዟታል። ሐኪም ማዳመጫውን አንገቱ ላይ እንደሚያንጠለጥል እሱም ሚስማሯን ይዞ ይዞራል።

ሥራው ያረጁ የብረት ጊታሮችን ማደስ ነው። የብረት ጊታር አይቶ ለማያውቅ ሰው፣ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሰውነቱ ከነሐስ ቆርቆሮ የተበየደና በኒኬል የተለበጠ ነው፤ ደረቱ ላይ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ክዳን አለው። ክዳኑ ሲፈታ ከሥሩ እንደ ተደፋ ሳህን የተቀመጠች፣ ከወፍራም ወረቀት እምብዛም የማትበልጥ የአልሙኒየም ሾጣጣ ትገኛለች። ክሮቹ ጫፏ ላይ ባለች ክብ እንጨት በኩል ይጫኗታል፣ እሷም ትንቀጠቀጣለች፤ ድምፁ ሁሉ ከሷ ነው። ሚስማሩ «ሳህን» ይላታል። ሳህኗ ከሞተች የቀረው ጊታር የሚያብረቀርቅ የውኃ ባልዲ ነው፤ ይህን የሚለው እሱ ራሱ ነው።

ለመለዋወጫ ሲል የማይገባበት የለም። ጊታሮቹን የሠሩት ፋብሪካዎች ከተዘጉ የአንድ ሰው ዕድሜ አልፏል። ዕቃው ካለም ያለው ወይ በሞተ ጊታር ሆድ ውስጥ ነው፣ ወይ ባሕር ማዶ በአንድ ሽማግሌ መሳቢያ ውስጥ ነው። የባሕር ማዶው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ «ተልኳል» ይባላል፣ ወራት ያልፋሉ፣ ሲደርስ በሁለት ሚሊ ሜትር ይጠብባል። ስለዚህ ሚስማሩ የጊታሩን አንገት የሚይዘውን ብሎን ከብስክሌት፣ የክር መወጠሪያውን ጥርስ ከአሮጌ የግድግዳ ሰዓት፣ ክቧን እንጨት ደግሞ ከተሰበረ የወንበር እግር ያወጣል። ባለቤቱ በጓዳ በኩል ልብስ ትሰፋለች፤ እሱ በመንገዱ በኩል ባለችው ክፍል ይሠራል። ከስፌት መኪናዋ ብሎን በጠፋ ቁጥር ማንን እንደምትጠይቅ ታውቃለች። «ይሄ ሰው ያገባኝ ለብሎኖቼ ነው» ትላለች ለደንበኞቿ።

ከየትም የማይገኘው ሳህኑ ብቻ ነበር። እሱንም ድስቴ ፈታው።

ድስቴ ክብ ሰው ነው፤ ሥራውም ድስት ነው። ከሚስማሩ ቤት የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ባለው ወርክሾፑ፣ ዝርግ አልሙኒየም ከእንጨት ቅርጽ ጋር ቶርኖ ላይ ያስራል፤ ቶርኖው ሲዞር ክንድ የሚያህል ዱልዱም ብረት በብብቱ ይዞ በሳሙና እያለሰለሰ ይገፋዋል፣ ዝርጉም እንጨቱን ልክ እንደ ልብስ ይለብሰዋል። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ሚስማሩ አንዲት የተጨማደደች ሳህን ይዞ መጣና «እንዲህ ያለች ትሠራልኛለህ?» አለው። ድስቴ አገላብጦ አይቶ «እጀታዋ የት አለ?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው።

አሠራራቸው ይህ ነበር፦ ድስቴ ይሠራል፣ ሚስማሩ ይፈርዳል። ሚስማሩ ሳህኗን በሦስት ጣቱ ጫፍ ላይ ያስቀምጥና ከንፈሯን በኪሱ ሚስማር ጠቅ ያደርጋታል። ቀጭን፣ ረጅም፣ እንደ ሩቅ ደወል ያለ ድምፅ ካወጣች ሕያው ናት፤ ከውስጥ በኩል በእርሳስ «ሕያው» ብሎ ቀኑን ይጽፍባታል። ጠቅ ብላ ዝም ካለች ሞታለች፣ ትመለሳለች። በሚስማር የወደቀች ሳህን ክር አይወጣባትም፤ ይህ ሕጉ ነው። ከአሥር ዘጠኙ ሕያው ነበሩ። ሁለቱ ሰዎች በዚህ ይኮሩ ነበር፣ እያንዳንዱ በየራሱ ምክንያት።

ነገሩ መበላሸት የጀመረው ጊታሪስቷ ከመጣች በኋላ ነው። በሆቴል አዳራሽ ከሰኞ እስከ ሰኞ የምትጫወት፣ ከሠላሳ ያልዘለለች ሴት ናት። ከአጎቷ የወረሰችውን ጊታር አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው። በጉዞ ላይ ሻንጣ ተጭኖበት ሳህኑ ወደ ውስጥ ተጨራምቷል።

«ጋሼ፣ ይድናል?» አለችው።

«ሰውነቱ ደህና ነው፤ ሆዱን ነው የታመመው። አንድ ወር ስጪኝ።»

አንዱ ወር ስድስት ሆነ። ድስቴ የመጀመሪያዋን ሳህን ላከ፤ ሚስማሩ ጠቅ ሲያደርጋት ጣ አለችና ዝም። መለሳት። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ድስቴ ዝርጉ ተቀይሮ ይሆናል ብሎ ከሌላ ነጋዴ ገዛ፤ ሦስተኛዋ ሞተች። የእንጨት ቅርጹን በብርጭቆ ወረቀት አስተካከለ፤ አራተኛዋ ሞተች። ሳሙናውን ቀየረ፣ የቶርኖውን ቀበቶ አዲስ አደረገ፤ አምስተኛዋም ተመለሰች። ከዚህ በኋላ ያልተቀየረ የቀረው ነገር አንድ ብቻ ነበር። ድስቴ ቀኝ እጁን ማየት ጀመረ።

ስድስተኛዋና ሰባተኛዋ አንድ ላይ ሲመጡ ሚስማሩ በስልክ ነገረው። «ወንድሜ፣ እነዚህም አልሆኑም» አለው። ድስቴ «እሺ» ብሎ ዘጋ። ሚስማሩ አዘነ። እውነቱን ለመናገር፣ ሲያዝን ትንሽ ደስ ብሎትም ነበር፤ የጓደኛው እጅ አርጅቶ የሱ ጆሮ አለማርጀቱ ውስጥ ውስጡን አጽናንቶታል። ሰው ነውና አይፈረድበት። ሁለቱን ሳህኖች መደርደሪያው ላይ ጥሎ፣ ለጊታሪስቷ እንደ ወትሮው «የድስቴ ሳህኖች እየሞቱብኝ ነው» ብሎ ነገራት።

ማክሰኞ ዕለት ለጊታሪስቷ ጊታር ክዳን ሦስት ብሎን ጎደለው። የሚስቱን መኪና በዓይኑ ሲመዝን እሷ በመቀስ ስታስፈራራው፣ ከግድግዳው ላይ የራሱን ጊታር አወረደ። ሃያ ሁለት ዓመት የተጫወተበት ነው። ክዳኑን ሲፈታ ሳህኗ ውስጥ የራሱ የእጅ ጽሕፈት አየ፤ «ሕያው» ይላል፣ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ሁለት ጊዜ ያሰመረበት ሳህን ይቺ ብቻ ናት። ድስቴ በሕይወቱ ከሠራቸው ሁሉ የበለጠችው ስለሆነች ለማንም ሳይሸጥ ለራሱ አስቀርቷታል። ደስ አለውና በሦስት ጣቱ ላይ አስቀምጦ ጠቅ አደረጋት።

ጣ አለች። ከዚያ ዝም።

አቧራ ይሆናል ብሎ በጨርቅ ወለወላት። ጣ። ጣቱን ቀየረ። ጣ። ከመደርደሪያው ስድስተኛዋን አወረደና መታት፤ ያው ጣ። ሁለቱን በተራ በተራ መታቸው፤ ሊለያቸው አልቻለም። ሚስማሩ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። 

«እስኪ ነይማ» አለ ወደ ጓዳው።

«ምን ሰበርክ?»

«ምንም። እዚህ ቁሚና ዓይንሽን ጨፍኚ።»

«በዚህ ዕድሜያችን?» አለች ባለቤቱ፣ ግን ጨፈነች። አንገቷ ላይ የመለኪያ ሜትሯ ተንጠልጥሏል።

የድሮዋን ሳህን መታት። «ምን ሰማሽ?»

«ደወል ነዋ።»

«ሲጠፋ ንገሪኝ።»

«አለ… አለ… አሁንም አለ… አሁን ጠፋ።» እሱ በልቡ እስከ ሰባት ቆጥሮ ነበር፤ ከመጀመሪያው ጣ በስተቀር የሰማው ነገር የለም።

ስድስተኛዋን መታት። ሚስቱ ፈገግ አለች። «ይሄም ደወል ነው። እንዲያውም ይሄኛው ይበልጣል፤ ቀጠን ብሎ ይሄዳል።» ሰባተኛዋንም መታት፤ ያም ደወል ነው ተባለ። ዓይኗን ገለጠች፤ ፊቱን አየችና ፈገግታዋ ጠፋ። «አንተ አትሰማውም እንዴ?»

ሚስማሩ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

ባለቤቱ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጣቷ ላይ መጠቅለል ጀመረች። «ከጓዳ ስጠራህ ዝም የምትለኝ፣ ስልኩ ሲጮህ የማታነሣው…» አለች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ኩርፊያ ነበር የመሰለኝ። ምን አድርጌው ነው ብዬ ስንት ቀን አልቅሻለሁ።» ሚስማሩ እጇን ያዘ። በነገራችን ላይ፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ዳቦ ቤቱም ጎረቤቱም ሚስማሩ ጆሮው ደከመ ሲሉ ከርመዋል፤ ያልደረሰው ለሱ ብቻ ነው። የጆሮው ጉዳትም ከሰማይ የወረደ አልነበረም። የተጎዳ የነሐስ ጊታር በመዶሻ ሲያቃና፣ እንደ ድስቴ ጥጥ ጆሮው ውስጥ ወትፎ አያውቅም። ለምን ሲሉት «ካልሰማሁ በምን አቃናዋለሁ?» ይል ነበር።

እንግዲህ እዚህ ላይ ተነሥቶ ወደ ድስቴ ቢሄድ ኖሮ፣ ይህ ታሪክ አጭር ይሆን ነበር። ባለቤቱም «አሁኑኑ ደውልለት» አለችው። ሚስማሩ «እደውላለሁ» አለ። ግን ደንበኞቹ ከየከተማው ጊታር ተሸክመው የሚመጡት ለመዶሻው አይደለም፤ መዶሻ ያለው ሰው ሞልቷል። የሚመጡት እሱ ሰምቶ «ይሄ ደህና ነው» እንዲላቸው ነው። ያ ከቀረ ምን ይቀረዋል? ረቡዕ ዕለት ሳይደውል ስድስተኛዋን ሳህን ከጊታሪስቷ ጊታር ውስጥ አስገባ፣ ክር አወጣባት፣ ሲቃኝ ዋለ። ወፍራሞቹን ክሮች ይሰማል፤ ቀጫጭኖቹን የሚያውቃቸው ጣቱ ላይ በሚመጣው ንዝረት ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ጊታሪስቷ መጣች። ጊታሩን ጭኗ ላይ አድርጋ አንድ ዜማ ጀመረች፣ መሐል ላይ አቆመች፣ እንደገና ጀመረች። ሚስማሩ የሚያየው ፊቷን ነው። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ጋሼ፣ አጎቴ ሲጫወት ልክ እንዲህ ነበር። ሁሉም እየሞቱ ነው ሲሉኝ ተስፋ ቆርጬ ነበር'ኮ። ይሄን ሳህን ከየት አገኙት?»

ሚስማሩ አፉን ከፈተ። የድስቴ ነው ቢል «የድስቴማ ሞተ ብለውኝ አልነበር?» ልትለው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እንደ ተፈታ ክር ተተርትሮ ይወጣል።

«ከውጭ መጣ» አላት።

ባለቤቱ በጓዳው በር ላይ ቆማ ሰማች።  መኪናዋን እስከ ማታ ድረስ እንደዚያ ቀን በኃይል ረግጣ አታውቅም፤ ያንን ግን ሚስማሩም ሰማው።

ውሸት እግሩ ፈጣን ነው። ጊታሪስቷ ያንኑ ምሽት ለሆቴሉ ሰው ሁሉ ጊታሯ እንዴት እንደዳነ ስትናገር አመሸች። ዓርብ ጠዋት የድስቴ ልጅ ለሆቴሉ ወጥ ቤት ድስት ሊያደርስ ሄዶ ከወጥ ቤት ሠራተኞቹ ይህንኑ ሰማ፤ ለአባቱም ነገረ። ከቀትር በኋላ ልጁ ከሚስማሩ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ትከሻው ላይ ጆንያ አለ። ከአባቱ ጋር ሃያ ዓመት የሠራ፣ የልጆች አባት የሆነ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ አባባ ይሄን ስጥ ብሎኛል» አለና ጆንያውን ፈታ። የሳህኑ የእንጨት ቅርጽ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሳሙና ጠጥቶ እንደ ቆዳ ጠቁሯል። «ሳህኑ ከውጭ መምጣት ከጀመረ እኔ ጋ ምን ይሠራል፤ ለማገዶም ቢሆን ይሆነዋል አለ።»

ሚስማሩ እንጨቱን ተቀበለ። «አባትህ እንዴት ነው?»

«ምን ልበልዎት። ሐኪም ዘንድ ሄዶ እጁን ታየ፤ ሐኪሙ ምንም የለብህም አለው። ሐኪሙን ሰድቦ መጣ። አሁን ድስትም አይሠራም፤ በሠራተኞቹ ፊት እጄ አልቋል ብሎ ብረቱን ለኔ ሰጠኝ። በር ላይ ተቀምጦ እጁን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ይከፍታል፣ ይዘጋል። እኔ'ማ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ብዬ… ይቅርታ ጋሼ፣ እርስዎን ለመንካት አይደለም።»

«ተናገር፣ ልጄ። እውነትህን ነው» አለ ሚስማሩ። ልጁ ከሄደ በኋላ እንጨቱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ብዙ ሰዓት ተቀመጠ። ባለቤቱ ሻይ አምጥታ አጠገቡ አኖረች። ሻዩ ሲቀዘቅዝ አንሥታ ሄደች፣ ሌላ ትኩስ አምጥታ አኖረች። ከማክሰኞ ጀምሮ ሆዱ እያወቀ ዶሮ ማታ ሲል የከረመ ሰው፣ ከዚህ በላይ ምን ይነገረዋል?

ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ ለጊታሪስቷ ደወለ። ከዚያ እንጨቱን በትከሻው፣ ሰባተኛዋን ሳህን በብብቱ አድርጎ በእግሩ ወጣ። አውቶቡስ ነበር፤ ግን መንገዱ እንዲረዝምለት ፈለገ። የድስቴ ወርክሾፕ በሩ ሰፊ ቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ እስከ ጣሪያው ድረስ ድስት በድስት ላይ ተከምሯል፣ ወለሉ ላይ የአልሙኒየም ፍቅፋቂ እንደ ተላጨ ጸጉር ተበትኗል። አምስት ሠራተኞች ሥራ ላይ ናቸው፤ ልጁ ቶርኖው ላይ ነው። ድስቴ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሚስማሩን ሲያይ አልተነሣም።

«እንጨቱን መለስከው?»

«ቶርኖውን አስጠፋልኝ» አለ ሚስማሩ። «ሁሉም እንዲሰሙ ነው።»

ድስቴ በእጁ ምልክት ሰጠ። ቶርኖው እያጓራ ቆመ፤ የሚቀጠቅጡትም መዶሻቸውን አወረዱ። ሚስማሩ እንጨቱን መሬት ላይ አኖረ። በመንገድ ላይ ያዘጋጀው ረጅም ንግግር ነበር፤ አንዱም አልመጣለትም።

«ድስቴ እጁ ምንም አልሆነም» አለ። «ሰባቱም ሳህን ደህና ነበሩ። የደነቆርኩት እኔ ነኝ። ከውጭ መጣ የተባለውም ከውጭ አልመጣም፤ እዚህ ቤት የተሠራ ነው። ውሸቴን ነው።»

ከሠራተኞቹ አንዱ ሳለ። ሌላ ድምፅ አልነበረም፤ ቢኖርም ሚስማሩ አልሰማውም።

ድስቴ ቀኝ እጁን አንሥቶ አየው። ከፈተው፣ ዘጋው። «ታዲያ ሐኪሙን በከንቱ ነው የሰደብኩት» አለ ቀስ ብሎ። ቀጥሎም፣ «የመለስካቸውን አምስቱን በእግሬ ረግጫቸዋለሁ። አንድ በአንድ።»

ሚስማሩ ሰባተኛዋን ሳህን ከብብቱ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አኖረለት።

«ለልጅቷስ ነገርካት?» አለ ድስቴ።

«ነግሬያት ነው የመጣሁ።»

«ምን አለች?»

«ከእንግዲህ ጊታሬን ማን ያዳምጥልኛል አለች።»

 ድስቴ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ድንገት ቀና አለ። «መቼ ነው ያወቅኸው?»

ሚስማሩ ይህን ጥያቄ ፈርቶት ነበር። መዋሸት ይችል ነበር፤ ትናንት ማታ ቢል ማን ያውቃል? «ማክሰኞ» አለ።

«ማክሰኞ።» ድስቴ ያን ምንም ያልሆነ እጁን ዘርግቶ በጣቶቹ ቆጠረ። «ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። ስድስቱን ወር ተወው፤ አላወቅህም፣ ያላወቀ ሰው ምን ይባላል። አራቱን ቀን ግን እኔ እዚህ በር ላይ ተቀምጬ ነበር። አራቱን ቀን አውቀህ ነው ያስቀመጥከኝ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ሚስማሩ ግን ሲጠራ እንዲህ እንደሚያም አላሰበም ነበር። ይቅርታ ሊል ፈለገ፤ ቃሉ ለአራት ቀን አነሰበት። ቆቡን አውልቆ በእጁ ያዘ።

ድስቴ አንገቱን ደፍቶ አንድ ነገር አጉረመረመ።

«ምን አልከኝ?» አለ ሚስማሩ።

«አራት ቀን ትሠራልኛለህ ነው የምልህ!» ድስቴ ጮኸ፤ ከሠራተኞቹ መካከል አንዱ ሳቁን በክንዱ ሸፈነ። «ከሰኞ እስከ ሐሙስ እዚህ ትመጣለህ። ሕያው ሕያው የምትለውን ነገር ታስተምረኛለህ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስሠራ ምን እንደሆነ አላውቀውም'ኮ። ደህና ነው ስትለኝ ደስ ይለኛል፣ ሞቷል ስትለኝ እንደገና እሠራለሁ። እኔ የማውቀው ድስት ነው።»

ሰኞ ማለዳ ሚስማሩ ቀድሞ ደርሶ በሩ እስኪከፈት ጠበቀ። ድስቴ ብረቱን ከልጁ ተቀብሎ በብብቱ ያዘ፣ ልጁም ወደ ሌላ ሥራ ሄደ። ያን ቀን ሦስት ሳህን ወጣ። ሚስማሩ ሳህን እንዴት በጣት ጫፍ እንደሚያዝ፣ ከንፈሯ ላይ የት ጋ እንደምትመታ አሳየው። ማስተማሩ ከባድ ነበር፤ የማይሰማውን ነገር በቃል መንገር ነው። «ከጣው በኋላ ነው ያለው» ይለዋል። «ጣውን እለፈውና ከኋላው ጠብቅ። ወደ ላይ ይሄዳል፣ ይቀጥናል።» ድስቴ ከጆሮው ጥጡን አውጥቶ ያዳምጣል። ሰኞ ማታ «ለኔ ሁሉም ያው ጣ ነው» ብሎ ሄደ። ማክሰኞ እንዲሁ ሆነ፤ ሁለቱም ተነጫነጩ፣ ምሳቸውንም ጀርባ ለጀርባ ሆነው በሉ።

ረቡዕ ከሰዓት ድስቴ አንዲት ሳህን መትቶ ብሎን እንደ ዋጠ ሰው ቀጥ አለ። «ቆይ» አለ። እንደገና መታት። «ቆይ፣ ቆይ። ከኋላው አንድ ነገር አለ።» ሠራተኞቹ ሥራቸውን አቆሙ። «ይሄ ነው እንዴ? ይሄን ነው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብቻህን ስትሰማ የኖርከው?»

«እሱ ነው» አለ ሚስማሩ። ቀናበት፤ እንደዚያ ቀን በሰው ቀንቶ አያውቅም። ደስም አለው።

ሐሙስ የመጨረሻው ቀን ነበር። ድስቴ ጠዋት የሠራት ሳህን ሚስማሩ በዕድሜው ካያቸው ሁሉ ታምራለች። ከንፈሯ እኩል ነው፣ ገላዋ ላይ የብረቱ ምልክት እንኳ የለም፣ ብርሃን ላይ ሲያዞራት አንድ ጭረት አልታየውም። ሚስማሩ በልቡ ለጊታሪስቷ ለመጠባበቂያ አስቀምጣታለሁ ብሎ ወስኖ ነበር። ድስቴ በሦስት ጣቱ ተቀብሎ መታት፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ ጠበቀ። እንደገና መታት። ፊቱ ጠቆረ።

«ይሄ ሞቷል» አለ።

ሚስማሩ ሳህኗን ተቀበለና ራሱ መታት። ጣ አለች። አገላብጦ አያት፤ ምንም እንከን የለባትም። «እርግጠኛ ነህ?» ሊል አፉን ከፈተ፤ ያን ጊዜ ድስቴ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ አንድ ቀን እንኳ ጠይቆት እንደማያውቅ ትዝ አለው። አፉን ዘጋ። ሳህኗን ወደ ጎን አኑሮ፣ ከክምሩ ላይ ሌላ ዝርግ አልሙኒየም አነሣና አቀበለው።